የድረ ገጽ ይዘትና ገጽታ፦ በ«ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን» ላይ የቀረበ ሒስ

1. መግቢያ

ድረ ገጽ በሁለት ቋንቋዎች ትብብር የሚዘጋጅ ሥራ ነው። አንደኛው የጽሑፉ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደ ሆነ የሚናገረው ማርክአፕ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያው ክፍል ለዓይን ምን መስሎ እንዲታይ የሚደነግገው ስታይል ሺት ነው። የድረ ገጽ ሥራ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ስለ እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች በመጀመሪያ የሚነገረው «ይዘትንና ገጽታን ለዩ» የሚለው አጭር መመሪያ ነው። መመሪያው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ልየታው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ፣ ከሁለቱ ቋንቋዎች የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚደገፍና ልየታው ለማን ጥቅም ሲባል እንደ ተፈጠረ ካልተመረመረ፣ መመሪያው በቃል ከሚያዝ ሐረግ አልፎ የማስተማሪያ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ የታወቀ ሥራ አማካይነት ይመረምራል። ሥራው ካናዳዊው ንድፍ አውጪ ዴቭ ሺ እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ለሕዝብ ያቀረበው «ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን» የተባለው ድረ ገጽ ነው። ይህ ሥራ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ የይዘትና የገጽታ ልየታ በተግባር የሚቻል ለመሆኑ እንደ ዋነኛ ማስረጃ ሲጠቀስ ቆይቷል። በመሆኑም ከበጎ ጎኑ ጋር ጉድለቱም ወደ ማስተማሪያ ክፍሎች መግባቱ የማይቀር ነው።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ማየት የተሳነው ተማሪ አንድን የትምህርት ገጽ በድምፅ ንባብ ፕሮግራም ሊከታተል መቻሉ፣ በትንሽ ስልክ የሚያነብ ተማሪ ጽሑፉን ሳይቸገር ማግኘቱ፣ ዛሬ የተዘጋጀ ሰነድም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊነበብ መቻሉ የሚወሰነው በአመዛኙ የሁለቱ ቋንቋዎች ድርሻ በትክክል በመያዙ ላይ ነው።

2. የሁለቱ ቋንቋዎች ድርሻና አመጣጥ

አንድ መምህር ለተማሪዎቹ የሚያድለውን ማስታወሻ በኮምፒዩተር ሲጽፍ ዋናውን ርእስ ትልልቅና ደማቅ በሆነ ፊደል ማድረጉ የተለመደ ነው። ወረቀቱን ለሚያይ ሰው መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ጽሑፍ ርእስ መሆኑን ከልምዱ ይረዳል። ኮምፒዩተሩ ግን የፊደሉን መጠንና ድምቀት እንጂ ጽሑፉ ርእስ መሆኑን አያውቅም። ኤችቲኤምኤል የተባለው ማርክአፕ ቋንቋ ይህን ጉድለት ይሞላል። ጸሐፊው ጽሑፉን ታግ በሚባሉ ምልክቶች መካከል እያስገባ «ይህ አንደኛ ደረጃ ርእስ ነው»፣ «ይህ አንቀጽ ነው»፣ «ይህ ዝርዝር ነው»፣ «ይህ ወደ ሌላ ሰነድ የሚያመራ ማያያዣ ነው» ብሎ ይሰይማል። ስለዚህ ማርክአፕ በመሠረቱ የመሰየም ሥራ ነው።

ሲኤስኤስ የተባለው የስታይል ሺት ቋንቋ ደግሞ በዚህ ስያሜ ላይ ተመሥርቶ ይደነግጋል። እያንዳንዱ ድንጋጌ ሁለት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያ ድንጋጌው የሚመለከታቸውን የጽሑፍ ክፍሎች ይመርጣል፤ ቀጥሎም የእነዚህን ክፍሎች ቀለም፣ መጠን፣ ቦታና ሌላም ባሕርይ ይወስናል። «ሁለተኛ ደረጃ ርእስ ሁሉ አረንጓዴ ይሁን» የሚል አንድ መስመር በመቶ ገጾች ላይ ያሉትን ርእሶች ሊገዛ ይችላል፤ ቀለሙ እንዲለወጥ ቢፈለግም የሚታረመው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ስታይል ሺት ሊይዝ የሚችለው ማርክአፑ ስም ወይም የተለየ ቦታ የሰጠውን ክፍል ብቻ ነው። ማርክአፑ ርእሱን ከተራ አንቀጽ ካልለየው፣ ስታይል ሺቱ በራሱ ዕውቀት ሊለየው አይችልም።

ኤችቲኤምኤልን የነደፈው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሴርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሲሆን፣ ስለ ቋንቋው ለሕዝብ የተሰጠው የመጀመሪያ መግለጫ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ቋንቋው አመጣጡ እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም አቀፍ ደረጃ ከሆነው ኤስጂኤምኤል ሲሆን፣ የሰነድን መዋቅር ከመልኩ ለይቶ የመመዝገብን ሐሳብም ከዚያ ወርሷል። ይሁን እንጂ ድሩ በሕዝብ ዘንድ በተስፋፋ ጊዜ ገጾችን ማሳመር የሚሹ ሰዎች በረከቱ፤ የብራውዘር አምራቾችም «ፎንት» እና «ሴንተር» የተባሉትን የመሰሉ መልክን ብቻ የሚናገሩ ታጎችን በማርክአፑ ውስጥ ጨመሩ። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪየም ሊ በሴርን ሳለ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1994 የስታይል ሺትን ሐሳብ ያቀረበው በዚህ ወቅት ነበር። ሆላንዳዊው በርት ቦስ ተባባሪው ሆኖ ሥራው ከቀጠለ በኋላ የሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 ጸደቀ።

የነበረው መወላወል በአንድ ዓመት ታሪክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 1997 የወጣው ኤችቲኤምኤል 3.2 የፎንትን ታግ በይፋ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.0 ደግሞ ይኸው ታግ እንዲቀርና በቦታው ስታይል ሺት እንዲሠራበት መከረ። ሆኖም ብራውዘሮች ሲኤስኤስን በአግባቡ ለመተርጎም ገና ስላልበቁ፣ ንድፍ አውጪዎች ዓምዶችን ለማስተካከል በሠንጠረዥ መጠቀማቸውን ቀጠሉ። ለቁጥርና ለመረጃ የተፈጠረው ሠንጠረዥ ጽሑፍን በግራና በቀኝ የመደልደያ መሣሪያ ሆነ። «በስታይል ሺት የሚሠራ ገጽ ሥርዓት ያለው ቢሆንም ውበት የለውም» የሚለው አስተያየትም በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰድዶ ነበር። ዜን ጋርደን መልስ የሰጠው ለዚህ አስተያየት ነው።

3. የሥራው ይዘትና በጎ ጎኑ

የሥራው አሠራር ቀላል ነው። ሺ ርእሶች፣ አንቀጾችና የማያያዣ ዝርዝሮች ያሉበት አንድ የኤችቲኤምኤል ሰነድ አዘጋጀ። ከዚያም ማንኛውም ንድፍ አውጪ ሰነዱን ሳይነካ፣ የራሱን ስታይል ሺትና ሥዕሎች ብቻ በመጨመር የገጹን መልክ እንዲለውጥ ጋበዘ። ጎብኚው ከዝርዝሩ አንዱን ስም ሲመርጥ ያው ጽሑፍ በሌላ መልክ ይቀርብለታል። በአንዱ ንድፍ ዓምዱ በግራ ይቆማል፤ በሌላው በቀኝ፤ በሦስተኛው ጽሑፉ ወደ ጎን ይዘረጋል። በይፋ የተመዘገቡት ንድፎች ከጊዜ በኋላ ከ200 በላይ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሺና ሞሊ ሆልዝሽላግ ስለ እነዚሁ ንድፎች መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በ2013 ደግሞ ሥራው ዐሥረኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ በአዳዲስ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ ደረጃዎች ለሚሠሩ ንድፎች እንደገና ተከፍቷል።

በማስተማሪያነቱ ሲመዘን ሥራው ሦስት በጎ ጎኖች አሉት። አንደኛ፣ ረቂቅ የሆነውን ሐሳብ በዓይን የሚታይ አድርጎታል። ስለ ልየታ ብዙ ገጽ ከሚያነብ ተማሪ ይልቅ አንዱን ጽሑፍ በአምስት መልክ የተመለከተ ተማሪ ነገሩን ፈጥኖ ይረዳል። ሁለተኛ፣ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ ባለበት በመተው የሳይንስ ሙከራን ሥርዓት ተከትሏል። ሰነዱ ስለማይለወጥ፣ በሁለት ንድፎች መካከል የሚታየው ልዩነት ሁሉ ከስታይል ሺቱና እርሱ ከሚጠራቸው ሥዕሎች የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ስታይል ሺት ለማንም ተከፍቶ የሚነበብ በመሆኑ ተማሪው ከሠለጠኑ ባለሙያዎች እጅ በቀጥታ ሊማር ይችላል።

4. የሥራው ጉድለት

ከላይ የተጠቀሱት በጎ ጎኖች እንደ ተጠበቁ ሆነው፣ ሥራው ስለ ሁለቱ ቋንቋዎች ግንኙነት የሚሰጠው ሥዕል በአራት ነጥቦች መታረም ይገባዋል።

የመጀመሪያው ነጥብ ሰነዱን ይመለከታል። ተመልካቹ ማርክአፑ ስለ መልክ ምንም ሳያስብ የተጻፈ ንጹሕ ይዘት ነው ብሎ ይገምታል። ሰነዱን ከፍቶ ለሚያነብ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው ሰነድ የየርእሱና የየአንቀጹ ጽሑፍ ምንም ትርጉም በማይጨምር ስፓን በተባለ ታግ ተከቦ ነበር። አንቀጾቹ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» በሚሉ የክላስ ስሞች ተለይተዋል። በሰነዱ መጨረሻም አንድም ቃል የሌለባቸው ስድስት ባዶ ክፍሎች ተቀምጠዋል። እነዚህ ሁሉ የተጨመሩት ለስታይል ሺቱ መያዣ እንዲሆኑና ተጨማሪ ሥዕል እንዲሰቀልባቸው ነው። በኋለኛው ሰነድ የተጻፈው ማስታወሻም ባዶዎቹ ክፍሎች ዛሬ አስፈላጊ እንዳልሆኑና የቆዩት ለቀድሞዎቹ ንድፎች ሲባል ብቻ መሆኑን በግልጽ ያምናል። ይህ ሺን የሚያስወቅስ አይደለም፤ በዘመኑ የነበረው ሲኤስኤስ ሌላ መንገድ አልሰጠውም። ሆኖም ትምህርቱ በትክክል ይነገር ከተባለ፣ ብዙ መልክ ሊለብስ የቻለው ሰነድ መልክ ለመቀበል አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰነድ መሆኑ መገለጽ አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ ጽሑፍን በሥዕል መተካት ነው። በዚያን ጊዜ ንድፍ አውጪው ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው የፊደል ዓይነቶች በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ የተጫኑት ብቻ ስለ ነበሩ፣ ብዙዎቹ ንድፎች የርእሱን ፊደላት በስታይል ሺት ደብቀው በምትካቸው በሥዕል የተዘጋጀ ጽሑፍ አሳይተዋል። ከመደበቂያ ዘዴዎቹ አንዳንዶቹ ግን ርእሱን ከዓይን ብቻ ሳይሆን ከድምፅ ንባብ ፕሮግራሞችም ሰወሩት። በተደራሽነት ጉዳይ የሚጽፈው ጆ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን አጋልጧል፤ ሺ ራሱም አማራጭ ዘዴዎችን ከነጉድለታቸው ሰብስቦ አቅርቧል። ከዚህ የምንረዳው፣ ስታይል ሺት ማርክአፑን ሳይነካ የማርክአፑን ጥቅም ሊያጠፋ የሚችል መሆኑን ነው። የሁለቱ ፋይሎች መለያየት ብቻውን ለአንባቢው ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ አለመለወጥ ነው። ንድፎቹ ሁሉ የተሠሩት ርዝመቱ በታወቀ አንድ ጽሑፍ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ግን የሚለወጠው በአመዛኙ ይዘቱ ነው፤ ማስታወቂያው ይረዝማል፣ ሠንጠረዥ ይጨመራል፣ ርእሱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ሲጻፍ ርዝመቱ ይለያያል። በልክ ለተሣለ ሥዕል የተቀመጠ ጽሑፍ ፊደሉ ከፍ ሲል ከቦታው ይፈስሳል። የስልክ ስክሪን ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ችግር ጎልቶ ወጣ፤ ስታይል ሺት እንደ ስክሪኑ ስፋት እንዲለዋወጥ የሚያስችለው ድንጋጌ ሙሉ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ስለዚህ የስታይል ሺት ብቃት የሚፈተነው በአንድ ጽሑፍ ላይ ባሳየው ውበት ብቻ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ያላየውንና ነገ የሚጻፈውን ጽሑፍ በመሸከም ጭምር ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ የአንባቢው ድርሻ መዘንጋቱ ነው። ሲኤስኤስ «ተዋረዳዊ» የተባለው ከልዩ ልዩ ምንጮች የሚመጡ ድንጋጌዎችን በደረጃ አስማምቶ ስለሚሠራ ነው። ምንጮቹም ብራውዘሩ፣ የገጹ ደራሲና አንባቢው ናቸው። ሊ በ1994 ባቀረበው ሐሳብ ደራሲውና አንባቢው በአንድ ገጽ መልክ ላይ የሚኖራቸው ተጽዕኖ በመቶኛ እንዲመዘን እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። በ1996 የጸደቀው የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሁለቱም ወገኖች «ይህ የግድ ነው» ብለው በሚደነግጉበት ጊዜ ለደራሲው አደላ፤ በ1998 የጸደቀው ሁለተኛ ደረጃ ግን ይህን ሽሮ የመጨረሻውን ቃል ለአንባቢው ሰጠ። ምክንያቱም ዓይኑ የደከመ አንባቢ ትልቅ ፊደል ወይም የተለየ ቀለም የሚመርጠው ለጌጥ ሳይሆን ለማንበብ ስለ ሆነ ነው። በዜን ጋርደን ግን አንባቢው የተሰናዳውን የሚመርጥ ተመልካች ነው፤ ገጹን ለራሱ ፍላጎት የሚያስተካክል ባለ መብት ሆኖ አይታይም። ከዚህ ሥራ ብቻ የተማረ ሰው ስታይል ሺት የንድፍ አውጪው የብቻ ግዛት ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

5. የተቃራኒው ወገን አስተያየት

እ.ኤ.አ. በ2017 አዳም ዋትን ልየታውን ራሱን የሚጠይቅ ክርክር አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም ቴልዊንድ የተባለውን የሲኤስኤስ ስብስብ ከተባባሪዎቹ ጋር አወጣ። በዚህ አሠራር ንድፍ አውጪው አዲስ ስታይል ሺት ከመጻፍ ይልቅ «ሰማያዊ»፣ «ትንሽ ክፍተት»፣ «ደማቅ» የሚል ትርጉም ያላቸውን አስቀድመው የተዘጋጁ የክላስ ስሞች በማርክአፑ ውስጥ ይደረድራል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ አይለያዩም፤ ወይ ስታይል ሺቱ በማርክአፑ ላይ ይደገፋል፣ ወይ ማርክአፑ በስታይል ሺቱ ላይ ይደገፋል። ስለዚህ የሚመረጠው ከሁለቱ የትኛው ሳይለወጥ ደጋግሞ እንዲያገለግል እንደሚፈለግ ነው።

ክርክሩ ስለ ጥገኝነት የሚናገረው እውነት ነው፤ በዜን ጋርደን ሰነድ ላይ ያየናቸው መያዣዎችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች አንድ ልዩነት አደብዝዘዋል። በማርክአፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስያሜ አለ። አንዱ የታጉ ስም ነው፤ «ርእስ»፣ «ዝርዝር»፣ «ሠንጠረዥ»፣ «አዝራር» የሚለው። ይህ ስም ለብራውዘሩ፣ ለድምፅ ንባብ ፕሮግራሙና ለፍለጋ ሞተሩ የሚናገር ምስክርነት ነው። ሌላው የክላስ ስም ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያገለግለው ስታይል ሺቱን ብቻ ነው፤ የድምፅ ንባብ ፕሮግራሙ አይናገረውም። ስለዚህ በቴልዊንድ የተሠራ ገጽ ርእሱን በእውነት ርእስ ብሎ እስከ ሰየመ ድረስ ለማየት ለተሳነው ተማሪ ሊያገለግል ይችላል፤ ንጹሕ ስታይል ሺት ያለው ገጽ ደግሞ ርእሱን ተራ ክፍል ብሎ ከሰየመ አያገለግለውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ሊጠበቅ የሚገባው ዋና ነገር የልየታው ንጽሕና ሳይሆን የስያሜው እውነተኛነት ነው የሚል ነው።

6. የፊደላችን ልምድ ስለ ጉዳዩ የሚሰጠው ምስክርነት

የዚህን ድምዳሜ ትክክለኛነት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ቁም ጸሐፊዎች የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም እንዲሁም የምዕራፍን መነሻ በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ጸሐፊው በአእምሮው የያዘው ድንጋጌ «የቅዱስ ስም ሲመጣ ቀለሙ ቀይ ይሁን» የሚል ነው። በብራናው ላይ የሚቀረው ግን ቀይነቱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ አልተመዘገበም። ንባቡን የሚያውቅ ሰው የትኛው ቀይ ስለ ስም፣ የትኛው ቀይ ስለ ምዕራፍ መነሻ እንደ ሆነ ይለያል፤ በጥቁርና ነጭ የተነሣ ቅጂ ግን ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ማርክአፕ ምክንያቱን ይመዘግባል፤ ስታይል ሺት ቀዩን ይሰጣል፤ ቀዩ ቢጠፋም ምክንያቱ ይኖራል።

ሁለተኛው ምስክርነት ከቅርብ ጊዜ የተገኘና የከበደ ዋጋ የተከፈለበት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በልዩ ልዩ የፊደል ሶፍትዌሮች የሚጻፍ አማርኛ የሚቀመጠው ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ኮዶች ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ሲሆን፣ «ሀ» ወይም «ለ» መስሎ የሚታየው ያ የተለየ ፎንት በመኖሩ ብቻ ነው። ከ200 በላይ የሆኑትን የፊደላችንን ቅርጾች 256 ኮዶች ብቻ ካሉት ሰንጠረዥ ጋር ለማስማማት እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ዘዴ ስለ ፈጠረ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በዚህ ዘዴ የተዘጋጀ ድረ ገጽ የፎንት ታጉ ቢነሣለት ወይም ስታይል ሺቱ ሌላ ፎንት ቢያዝለት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። እዚህ ላይ ገጽታው ይዘቱን ከማስጌጥ አልፎ ይዘቱ ራሱ ሆኗል። ዜን ጋርደን በእንግሊዝኛ ሊሠራ የቻለው የፊደሉ ማንነት በፎንት ላይ ስለማይደገፍ ነው፤ ሙከራው በዚያው ጊዜ በአሮጌው ዘዴ በተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ላይ ቢደረግ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ንድፍ ይፈርስ ነበር።

ዩኒኮድ ከተገኘ በኋላ ስታይል ሺት ለፊደላችን በእውነት የሚያገለግልበት መንገድ ተከፍቷል። ለምሳሌ ያህል፣ ብራውዘሮች አጽንዖት የተሰጠውን ቃል እንደ ላቲን ልማድ አዘንብለው ያሳያሉ። ፊደላችን ግን የዘመመ ጽሕፈት ልማድ ስለሌለው፣ ብራውዘሩ ቅርጹን በግድ ሲያዘነብለው ንባብ ያውካል። በማርክአፑ የጽሑፉ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ከተመዘገበ፣ «በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ አጽንዖት በድምቀት ወይም በቀለም ይታይ» የሚል ድንጋጌ በስታይል ሺቱ መጻፍ ይቻላል። እንዲሁም ሲኤስኤስ ተራ ቁጥር ያለውን ዝርዝር በግዕዝ ቁጥር፣ ማለትም በ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲቆጠር የማዘዣ ስያሜ አለው። ዝርዝሩ በማርክአፑ እንደ ዝርዝር ከተሰየመ ትእዛዙ ይፈጸማል፤ ቁጥሮቹ በእጅ የተጻፉ ተራ አንቀጾች ከሆኑ ግን ስታይል ሺቱ ሊቆጥራቸው አይችልም።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ. ማርክአፕ ከስታይል ሺት በፊት፣ የንባብ ትምህርት ተደርጎ ይሰጥ። ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፋቸው አንድ ገጽ ወስደው እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደ ሆነ በእርሳስ ይሰይሙ፤ የትኛው ዋና ርእስ፣ የትኛው ንኡስ ርእስ፣ የትኛው ምሳሌ፣ የትኛው ጥያቄ እንደ ሆነ ይከራከሩ። ይህ ኮምፒዩተር የማይጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ የቋንቋ መምህሩም ሊካፈልበት የሚችል ነው። ቀጣዩም ሥራ ቢሆን ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃና ብራውዘር ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ ሊሠራ ይችላል።

ለ. የተማሪ ሥራ በአራት ፈተናዎች ይመዘን። አንደኛ፣ ስታይል ሺቱ ሲነሣ ገጹ በተራው ሊነበብ ይችላልን? ይህ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የመጀመሪያው የድር ተደራሽነት መመሪያ ውስጥ ተካትቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ርእሶቹ ብቻ ተለይተው ሲወጡ የገጹ ማውጫ ይሆናሉን? የመጀመሪያው ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ስም የሌላቸው ክፍሎች ክምርም በተራው ሊነበብ ይችላልና። ሦስተኛ፣ በዜን ጋርደን አርአያ፣ ሌላ ተማሪ ሰነዱን ሳይነካ የተለየ መልክ ሊሰጠው ይችላልን? አራተኛ፣ ጽሑፉ በእጥፍ ሲረዝምና ፊደሉ ወደ 200 በመቶ ሲያድግ ገጹ ይጸናልን? የፊደል መጠንን የሚመለከተው ይህ ልክ በ2008 በወጣው ሁለተኛው የተደራሽነት መመሪያ የተቀመጠ ነው። በቀለምና በሥዕል ብቻ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ተማሪውን ወደ ፎንት ታግ ዘመን እንደሚመልሰው ሊገነዘብ ይገባል።

ሐ. ዜን ጋርደን በክፍል ውስጥ ይታይ፤ ነገር ግን ሰነዱም ከንድፎቹ ጋር ይነበብ። ተማሪዎች ባዶዎቹን ክፍሎች ፈልገው ያግኙ፤ ለምን እንደ ተቀመጡም ያስረዱ። አንድ ሥራ ከነጉድለቱ ሲጠና የሚሰጠው ትምህርት በአድናቆት ብቻ ከሚታየው ይበልጣል።

መ. የዲጂታል የማስተማሪያ ገጾችን የሚያሠሩ ወይም የሚገዙ ዕቅድ አውጪዎች የገጹን ናሙና በማየት ብቻ ሥራ አይረከቡ። ናሙናው የሚያሳየው ስታይል ሺቱን ነው፤ ለዓመታት የሚቆየው ግን ማርክአፑና ጽሑፉ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት አራት ፈተናዎች በውሉ ውስጥ የርክክብ መስፈርት ሆነው ቢገቡ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ በአንድ ቀን ሊፈጸሙ ይችላሉ። በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች በእጃቸው ያሉ ተቋማትም፣ ጽሑፉን ለማንበብ የሚያስችሉት ሶፍትዌሮች ከአገልግሎት ውጭ ሳይሆኑ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ይኖርባቸዋል።

8. ማጠቃለያ

«ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን» ስታይል ሺት ምን ያህል ኃይል እንዳለው በማያሻማ መንገድ አስመስክሯል። ያላስመሰከረው ነገር ቢኖር ያ ኃይል ከየት እንደሚመጣና ለማን መዋል እንዳለበት ነው። ኃይሉ የሚመጣው በማርክአፑ ከተሰጡት ስሞች ነው፤ ሊውል የሚገባውም በመጨረሻ ለአንባቢው ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሰየመ ሰነድ ስታይል ሺቱ ቢበላሽ ወይም ቢያረጅ በሌላ ሊተካ ይችላል። ስሙ የተዛባ ሰነድ ግን ምንም ያህል ቢያምር አንድ ዓይነት ዓይንና አንድ ዓይነት ስክሪን ላለው አንባቢ ብቻ የተጻፈ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ መምህር ለተማሪው አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ምን መስሎ ይታይ?» የሚለውን ሳይሆን «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ይሆናል።